የታመመ የሞተር መጋዝ እንዴት ይመረመራል?

የዚህን ጽሑፍ አርእስት ያየ የሕግ ወይም የታሪክ ተማሪ «የሞተር መጋዝና እኔ ምን አገናኘን?» ብሎ ገጹን ለመግለጥ ይቃጣው ይሆናል። ጥቂት ቢታገሥ ግን ነገሩ ከሚያስበው የበለጠ የሚቀርበው መሆኑን ያያል። በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ባሕር ዛፍ የሚቈርጥ፣ ማገርና ወራጅ፣ ምሰሶና ማገዶ የሚያዘጋጅ ሰው በየደጁ እናገኛለን። ዱሮ በመጥረቢያና ግራና ቀኝ በሚሳብ መጋዝ ብቻ ይሠራ የነበረው ሥራ ዛሬ በብዙ ቦታ በሞተር መጋዝ ይሠራል። መጋዙ ደኅና በሆነ ጊዜ ተማሪውን የሚጠይቀው የለም። በታመመ ጊዜ ግን «አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ እየው» ይባላል። ያን ጊዜ የሙቀትን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያብራራ የነበረው ወጣት፣ በእጅ በሚያዝ ትንሽ ሞተር ፊት አፉን ይዞ ይቆማል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢውን የጋራዥ ባለሙያ ለማድረግ አይደለም። ለማስረዳት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም፦ የታመመ መጋዝ ሕመሙን ራሱ ይናገራል፤ ነገር ግን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ አንድ በአንድ ሊጠየቅ ይገባዋል። ይህን ሥርዐት ትቶ በመጀመሪያ ካቻቢቴ አንሥቶ የካርቡራቶሩን ብሎን የሚያዞር ሰው፣ ሞተሩን ያዳነ እየመሰለው ሊገድለው ይችላል። እንዴት እንደሚገድለው ወደ ፊት እንደርስበታለን። መጋዙ ደግሞ ለባለቤቱ የዕለት እንጀራው ስለ ሆነ፣ ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም።

ጤነኛው መጋዝ

ሕመምን ለማወቅ አስቀድሞ ጤናን ማወቅ ያስፈልጋል። በጀርመን አገር አንድሬያስ ሽቲል በ1926 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለ ሰንሰለት መጋዝ አወጣ። በ1927 ደግሞ ኤሚል ሌርፕ የተባለው ሰው በቤንዚን የሚሠራውን ዶልማር በተባለ ተራራ ላይ ሞከረ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ መጋዞች ሁለት ሰው የሚይዛቸው ከባዶች ነበሩ። ዛሬ ግን አንድ ሰው ብቻውን ይዞት ይውላል።

ይህ ቅለት ከተገኘባቸው ምክንያቶች አንዱ ሞተሩ ባለ ሁለት ምት መሆኑ ነው። የመኪና ሞተር በየሁለት ዙር አንድ ጊዜ ሲያቃጥል፣ ይኸኛው በእያንዳንዱ ዙር ያቃጥላል። እንደ መኪና ሞተር ቫልቮች የሉትም፤ ፒስቶኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ቀዳዳዎች አሉት። የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበትም ቦታ የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋራ ተደባልቆ ከፒስቶኑ በታች ወዳለው የዘንግ ቤት ይገባል፤ ዘንጉንና ፒስቶኑን እያለሰለሰ ወደ ሲሊንደሩ ያልፋል፤ በዚያ ተቃጥሎ በማርሚታው በኩል ይወጣል። ይህን አንድ ነገር አጥብቀን እንያዝ፤ በኋላ ያስፈልገናልና፦ በዚህ ሞተር ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም አብሮ ያንሳል።

ፍጥነቱም የሚያስደንቅ ነው። ሸክም ሳይኖርበት ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ብዙዎቹ መጋዞች በደቂቃ ከ12,000 እስከ 14,000 ዙር ይዞራሉ። 13,000 ብንል ካንዴላው በሴኮንድ 216 ጊዜ ያህል ብልጭ ይላል ማለት ነው። በሚኒሞ ሲሠራ ግን ከ2,500 እስከ 3,000 ዙር ያህል ነው። ፍሪሲዮኑ ሞተሩ ሲፈጥን ብቻ በዙሩ ኃይል ተከፍቶ ሰንሰለቱን ይይዛል፤ በሚኒሞ ጊዜ ሞላዎቹ መልሰው ስለሚሰበስቡት ሰንሰለቱ ይቆማል።

እንግዲህ ይህ ሞተር የሚፈልገው አራት ነገር ነው፤ አየር፣ ነዳጅ፣ ብልጭታና እመቃ። ሕመሙ ሁሉ ከእነዚህ ከአንዱ መጓደል ይመጣል፤ ወይም ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ጥፋቱ የሰንሰለቱ ይሆናል።

ከምርመራው በፊት

ሰንሰለቱን ከመንካት በፊት ሞተሩ ይጥፋ፤ የካንዴላውም ቆብ ይነቀል። ቤንዚን ሲሞላ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ሲጋራም አጠገቡ አይድረስ። ለሙከራ ሲነሣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የኋላ እጀታው በቀኝ እግር ተረግጦ፣ የሰንሰለቱ ፍሬን ተይዞ ነው እንጂ በአየር ላይ እየወረወሩ ገመዱን መሳብ እግር ያስቈርጣል። በዝግ ቤት ውስጥም አይነሣ፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውምና ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል።

ከዚህ በኋላ ባለቤቱን በትክክል መጠየቅ ያስፈልጋል። «አልሠራ አለ» የሚለው መልስ አይበቃም። ከነጭራሹ አይነሣም? ተነሥቶ ይጠፋል? በሚኒሞ እየሠራ ነዳጅ ሲሰጡት ይታነቃል? ሩብ ሰዓት ሠርቶ ሲግል ይቆማል? ወይስ ይጮሃል እንጂ አይቈርጥም? ሐኪም «አመመኝ» ለሚለው ሰው ሁሉ አንድ መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ለእነዚህም ሕመሞች መልሱ የተለያየ ነው።

አንደኛ፤ ሞተሩን ከመክሰስ በፊት ጥርሱን ተመልከቱ

«ጉልበት አጣ» የሚባል መጋዝ ብዙ ጊዜ የሞተር ሕመም የለበትም፤ ሰንሰለቱ ደንዞ ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከግንዱ የሚወጣውን መመልከት ይበቃል። የተሳለ ሰንሰለት ወፈር ያለ ፍቅፋቂ ይጥላል፤ የደነዘው ግን ዱቄት የመሰለ ሰጋቱራ ይነፋል። የተሳለው በራሱ ክብደት ወደ እንጨቱ ይሰምጣል፤ የደነዘውን ሰው ይጫነዋል። ሰውየው በተጫነ ቍጥር ሞተሩ ይታገላል፣ ይግላል፣ እንጨቱም ይጨሳል።

የጥርሱ አሠራር ራሱ የሚያስገርም ታሪክ አለው። በአሜሪካ፣ በኦሪገን፣ ጆዜፍ ኮክስ የተባለ እንጨት ቈራጭ በ1946 እ.ኤ.አ. የአንድ ጢንዚዛ እጭ ግንድ ስትበላ ተመለከተ። እጯ በመንጋጋዎቿ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጋጠች መንገዷን ትከፍት ነበር። ኮክስም ከእርሷ ተምሮ ለዛሬው የመጋዝ ሰንሰለት መሠረት የሆነውን ጥርስ ሠራ። አንዱ ጥርስ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ የሚቈርጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ የአንዱ ወገን ጥርሶች ከሌላው ካጠሩ ወይም ከደነዙ መጋዙ እየጠመመ ይቈርጣል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ምንም አላጠፋም።

ጥርሱ የሚሳለው በክብ ሞረድ ነው። የሞረዱ ውፍረት እንደ ሰንሰለቱ ዐይነት 4.0፣ 4.8 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በብዙዎቹ ሰንሰለቶች ላይ ሞረዱ በ30 ዲግሪ ተጋድሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል፤ ለሁሉም ጥርስ እኩል ምት ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ያለችው ትንሽ ጕብታ ደግሞ ከጥርሱ ጫፍ ዝቅ ማለት አለባት፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ 0.65 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ በሞረድ እያለቀ ሲወርድ እርሷ ግን ከፍ እንዳለች ትቀራለች። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ የተሳለ ሆኖ ሳለ እንጨቱን መንከስ ያቅተዋል። እርሷን ከልክ በላይ የሞረደ ሰው ደግሞ መጋዙ እንጨቱን ነክሶ እጁን ይመታዋል።

በዚሁ አጋጣሚ ሦስት ነገር ይታይ። ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ ጠብቆ እንደ ሆነ በእጅ ሲሳብ አይንሸራተትም፤ ሞተሩም ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል። ዘይት የሚደርሰው መሆኑን ለማወቅ የመጋዙን ጫፍ ወደ ነጭ ጕቶ አስጠግቶ፣ ሳያስነኩ፣ ነዳጅ መስጠት ነው፤ የዘይት መሥመር በጕቶው ላይ ካልታየ መንገዱ ተዘግቷል። በመጨረሻም የሰንሰለቱ ፍሬን ተለቋል ወይ? ፍሬን ተይዞ ነዳጅ እየሰጡ ሞተሩን መውቀስ ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል።

ሁለተኛ፤ የሚተነፍስበትን መርምሩ

1 ሊትር ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 11 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህም በባሕር ወለል ላይ ቢለካ 9,000 ሊትር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ አየር የሚያልፈው ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ አንዲት ፊልትሮ ነው፤ ያውም ሰጋቱራ በሚበንበት ቦታ። ፊልትሮዋ ስትደፈን ሞተሩ አየር ያጥረዋል፤ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ያጨሳል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይታነቃል።

ሙከራው ቀላል ነው። ፊልትሮዋን አውጥቶ፣ ምንም ሳይቈርጡ፣ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ማስነሣት ነው። ሞተሩ ቀለል ካለው ጥፋተኛዋ እርሷ ናት። የምትታጠብ ዐይነት ከሆነች በሞቀ የሳሙና ውሃ ታጥባ፣ በደንብ ደርቃ ትመለሳለች፤ የተቀደደች ግን ትለወጣለች። ያለ ፊልትሮ መሥራት ሲሊንደሩን በአቧራ መሞረድ ነው።

የሚገባው ብቻ ሳይሆን የሚወጣውም ይታይ። በማርሚታው አፍ ላይ በብዙዎቹ መጋዞች የእሳት ፍንጣሪ የምትከለክል ወንፊት አለች። ዘይት የበዛበት ነዳጅ ጥላሸት ሆኖ ይደፍናታል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይነሣል፤ በሚኒሞም ይሠራል፤ ነገር ግን ጭሱ መውጫ ስለሚያጣ ከፍ ብሎ መሮጥ አይሆንለትም። ወንፊቷን አውጥቶ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ የሚጠጣውን ቅመሱለት

ቤንዚን እንደ ጠጅ እያደር አይጣፍጥም። በጀሪካን ለወራት የቆየ ቤንዚን ቶሎ የሚነደው ክፍሉ ይተንና ለማስነሣት ያስቸግራል፤ የቀረውም በካርቡራቶሩ ጠባብ መንገዶች ውስጥ እንደ ሙጫ ይጋገራል። ውሃ ገብቶበትም እንደ ሆነ በመስተዋት ጠርሙስ ቀድቶ ማሳደር ነው፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ለብቻው ተለይቶ ይታያል።

የዘይቱ ልክ በመጋዙ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ብዙዎቹ የዛሬ መጋዞች 1 ለ50 ይጠይቃሉ፤ ይህም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። የቆዩት 1 ለ25 የሚፈልጉ አሉ፤ ለእነርሱ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ይገባል። ዘይቱም ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ይሁን፤ የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አልተሰናዳም። «በግምት» የሚባለው አለካክ እጅግ አደገኛ ነው። ዘይት ሲበዛ ካንዴላውና ማርሚታው በጥላሸት ይደፈናሉ፤ ሲያንስ ደግሞ ፒስቶኑ ይነዳል።

ነዳጁ ደኅና ከሆነ መንገዱ ይታይ። በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ በጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ፊልትሮ አለች፤ በተጠማዘዘ ሽቦ ተስባ ትወጣለች። ከቈሸሸች ትለወጣለች። ቱቦው ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ከቤንዚን ጋራ አየር ይስባል። አንድ የሚረሳ ነገርም አለ። ቤንዚኑ ሲቀንስ በቦታው አየር የሚገባበት ትንሽ መተንፈሻ ማጠራቀሚያው አለው፤ እርሱ ከተደፈነ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል። የዚህ ሙከራ ደግሞ የሚያስደስት ነው። ሞተሩ እንደ ጠፋ ክዳኑን ጥቂት ላላ ማድረግ፤ አየር «ፍስስ» ብሎ ገብቶ ሞተሩ ወዲያው ቢነሣ ምክንያቱ ተገኘ። ክዳኑ ግን ሳይጠብቅ ሥራ አይቀጠልም።

አራተኛ፤ የካንዴላው ምስክርነት

ካንዴላ የሞተሩ ምላስ ነው፤ ሐኪም ምላስ አውጣ እንደሚል ሁሉ፣ ፈትቶ ማየት ነው። ጥቂት ከቈረጠ በኋላ የጠፋ ሞተር ካንዴላ ቡናማ ሆኖ ከታየ ቃጠሎው መልካም ነው። ጥቁርና ርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፤ አየር አንሷል፤ ወይም ብልጭታው ደክሟል። ነጭ፣ አመድ የመሰለ ከሆነ ግን ቤንዚን አንሷል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ጥቁሩ ያስቸግራል እንጂ ቶሎ አይገድልም፤ ነጩ ግን አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ ነውና መጋዙ ምክንያቱ እስኪገኝ አይነሣ።

በካንዴላው ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኛው 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ብልጭታን ለመሞከር ካንዴላውን በቆቡ ላይ እንዳለ የሞተሩን ብረት አስነክቶ፣ ከነዳጅና ከካንዴላው ቀዳዳ አርቆ፣ ገመዱን መሳብ ነው። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ካልታየ አዲስ ካንዴላ ይሞከር፤ ርካሹ እርሱ ነውና። ቀዝቃዛ ሳለ ጥሩ ሠርቶ፣ ሲግል ጠፍቶ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና የሚነሣ መጋዝ ደግሞ ቦቢናው ሊጠረጠር ይገባል፤ በሙቀት ጊዜ ውስጡ የሚቋረጥ ቦቢና አለና። ይህ የሚረጋገጠው እንደ ጠፋ ወዲያውኑ ብልጭታውን በመሞከር ነው። ብልጭታው ካለ የነዳጅ መተንፈሻውን እናስታውስ።

አምስተኛ፤ የካርቡራቶሩ ብሎንና የሚያታልለው ድምፅ

ካርቡራቶሩ የሚነካው ከላይ የተነገረው ሁሉ ከታየ በኋላ ብቻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በተደፈነ ፊልትሮ ላይ ካርቡራቶር ያስተካከለ ሰው፣ ነገ ፊልትሮው ሲታጠብ ማስተካከሉ ሁሉ ስሕተት ይሆንበታል።

በብዙዎቹ መጋዞች ላይ ሦስት ብሎኖች አሉ። በላቲን ፊደል «ኤል» የተጻፈባት የዝቅተኛው ፍጥነት፣ «ኤች» የተጻፈባት የከፍተኛው ፍጥነት ነዳጅ ናት፤ ሦስተኛዋ ሚኒሞን ከፍና ዝቅ ታደርጋለች። ኤልና ኤች ሲጠብቁ ቤንዚን ይቀንሳሉ፤ ሲላሉ ይጨምራሉ። በኤሌክትሮኒክ የሚቈጣጠሩት አዳዲስ መጋዞች እነዚህ ብሎኖች የሏቸውም።

ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ በመጀመሪያ ኤል ትስተካከላለች። ቀስ እያሉ በማዞር ሚኒሞው ከሁሉ የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልጎ፣ ከዚያ ጥቂት ማላላት ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ሳያመነታ መነሣት አለበት። ቀጥሎ ሦስተኛዋ ብሎን ሰንሰለቱ እስኪቆም ድረስ ትላላለች። በሚኒሞ ሰንሰለቱ የሚዞር መጋዝ ለሥራ የተዘጋጀ አይደለም፤ ባለቤቱ እጁ ከምላጩ ላይ ስለተነሣ ብቻ የቆመ መስሎት ወደ እግሩ ሊያወርደው ይችላል።

አሁን ወደ ኤች እንምጣ። ይህችን ብሎን ስናጠብቅ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ድምፁ ይጠራል፤ ጭሱ ይጠፋል። በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ «ተፈወሰ!» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቤንዚኑ ቀንሷል፤ አስቀድመን እንደ ተናገርነው ዘይቱም አብሮ ቀንሷል፤ ሙቀቱ ግን ጨምሯል። እንጨት ውስጥ ገብቶ ሙሉ ሸክም ሲያገኘው ፒስቶኑ ይፋፋል፤ የዘይቱ ስስ ሽፋን ይበጠሳል፤ ፒስቶኑም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋራ ይፋቃል፤ ይጣበቃልም። ፒስቶንና ሲሊንደር መለወጥ በአንድ መጋዝ ላይ ከሚደርሱት ወጪዎች ሁሉ ከባዱ ነው። ስለዚህ ሞተር ሊሞት ሲል ድምፁ እንደሚያምር ማወቅ ያስፈልጋል።

ጤነኛው ድምፅ ሌላ ነው። እንጨት ሳይነካ ለጥቂት ሴኮንድ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ጥቂት ይንተከተካል፤ ይህም ቤንዚኑ በመጠኑ መትረፉን ይናገራል። እንጨት ውስጥ ሲገባ ግን መንተክተኩ ይጠፋና ድምፁ ይጠራል። እንጨት ውስጥም ከተንተከተከ በዝቶበታል፤ ከእንጨት ውጭ ጥርት ብሎ ከጮኸ አንሶበታል። ከሁሉ የሚሻለው የዙር መለኪያ ይዞ በመጽሐፉ ከተጻፈው ቍጥር አለማለፍ ነው። ብሎኖቹ ፈጽመው ጠፍተው እንደ ሆነ በብዙ መጋዞች ላይ መነሻው ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው አጥብቆ አንድ ዙር ማላላት ነው፤ ይህም ቢሆን በመጽሐፉ ይረጋገጥ።

የከፍታ ነገር

ለእኛ አገር ሰው በተለይ የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ተቀመጠች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር ምንም ሳይታመም ከጉልበቱ አንድ አራተኛ የሚያህል እዚህ ያጣል። ይህን ሕመም ብሎ የሚያክም ሰው የሌለ በሽታ ይፈልጋል።

ዳሩ ግን የድብልቁም ልክ ይለወጣል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው የአየር ስፋት ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ይቀንሳል። ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በአየሩ ክብደት ካሬ ሥር ልክ ነው። ፊዚክስ የሚማሩ ጓደኞቻችን ይህን በወረቀት ላይ ቢያሰሉት በአዲስ አበባ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን እንደሚበዛበት ያገኛሉ። በባሕር ወለል ልክ የተስተካከለ መጋዝ በእንጦጦ ላይ የሚያጨሰውና የሚታነቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ኤችን ጥቂት ማጥበቅ በዚህ ጊዜ ተገቢ ነው።

አደጋው በመመለሻው ነው። 3,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ በእንጦጦ ላይ የተስተካከለውን መጋዝ፣ ሳይነኩ፣ 500 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ጋምቤላ ቢያወርዱት አየሩ ይከብዳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያ ልክ አይጨምርም። መጋዙ በሚያምር ድምፅ እየጮኸ፣ ዘይት እየተጠማ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ይሠራል። እንግዲህ ከደጋ ወደ ቈላ የሚወርድ ሰው ሞተሩን ከማስጨነቁ በፊት ኤችን ወደ ቀድሞ ቦታዋ ማላላት አለበት። ካጠፋም ቤንዚን በማብዛት ያጥፋ፤ ጭስ ይታገሡታል፤ የነደደ ፒስቶን ግን አይመለስም።

ስድስተኛ፤ እጅን የሚሰበስቡበት ጊዜ

ካርቡራቶሩ ዛሬ ተስተካክሎ ነገ የሚለወጥ ከሆነ፣ ሚኒሞው ራሱን እየቻለ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም ምላጩ ተለቆ ሞተሩ ቶሎ የማይወርድ ከሆነ፣ አየር ባልታሰበ በር እየገባ ሊሆን ይችላል። በሩ ዘንጉን ግራና ቀኝ ከሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች አንዱ፣ ወይም ካርቡራቶሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘው ጎማ፣ ወይም የተበላ ጓርኒሲዮን ይሆናል። ይህን በብሎን መሸፈን አይቻልም። እንዲህ ያለ ሞተር ወዲያው ይጥፋና ግፊት መለኪያ ወዳለው ባለሙያ ይሂድ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር በራሳችን ማየት እንችላለን። ማርሚታውን ፈትቶ በጭስ መውጫው ቀዳዳ የፒስቶኑን ጎን በባትሪ መብራት መመልከት ነው። ለስላሳ ሆኖ ከታየ ተስፋ አለ። ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ጭረቶች ካሉበት ሞተሩ ተጎድቷል። ገመዱም ሲሳብ እንደ ልብ የሚመጣና የማያስቸግር ከሆነ እመቃው ደክሟል፤ ፋሻዎቹ ወይም ሲሊንደሩ አልቀዋል። በዚህ ጊዜ ካንዴላና ፊልትሮ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ሕመሙና ምክንያቱ ባጭሩ

ይጮሃል እንጂ አይቈርጥም፦ ሰንሰለቱ፤ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ።

ከነጭራሹ አይነሣም፦ የቆየ ቤንዚን፣ ብልጭታ፣ ወይም በቾክ ብዛት የረጠበ ካንዴላ።

ነዳጅ ሲሰጡት ይታነቃል፦ የአየር ፊልትሮ፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ከዚያ ኤል።

በሚኒሞ ይሠራል፣ ከፍ አይልም፦ የማርሚታው ወንፊት፣ የነዳጅ መንገድ፣ ከዚያ ኤች።

ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል፦ የማጠራቀሚያው መተንፈሻ፣ ወይም ቦቢና።

በሚኒሞ ሰንሰለቱ ይዞራል፦ የሚኒሞ ብሎን፣ የፍሪሲዮን ሞላ።

ከወትሮው በላይ ፈጥኖ፣ ጥርት ብሎ ይጮሃል፦ ወዲያው አጥፉት።

እንግዲህ አንባቢያን እንዳያችሁት በዚህ ሁሉ ምርመራ ውስጥ ውድ መሣሪያ የሚያስፈልገው እጅግ በጥቂቱ ነው። የተቀረው ሁሉ በዐይን፣ በጆሮና በትዕግሥት ይሠራል። አንዱን ለውጦ መሞከር፣ ውጤቱን ማየት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው መጋዙ ቢሠራለትም ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለውም ወር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይህ በቤተ ሙከራ ውስጥ በየሳምንቱ የምንማረው ሥርዐት ነው፤ ከቤተ ሙከራው በር ስንወጣ እዚያው ጥለነው መውጣት አይገባንም።

የእጅ ሥራ በአገራችን ለብዙ ዘመን የተናቀ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዛሬም ቢሆን በዘይት የጨቀየ እጅ ያለውን ሰው ከበታቹ አድርጎ የሚመለከት ተማሪ አልጠፋም። ነገር ግን ለዓመታት መጋዝ ሲጠግን የኖረው ባለሙያ በጆሮው ብቻ የሚያውቀውን እኛ በስሌት እንኳ ለመድረስ እንቸገራለን። እርሱም በበኩሉ ከደጋ ወደ ቈላ ሲወርድ ሞተሩ ለምን እንደሚነድ ምክንያቱን ቢነግሩት ይጠቀማል። ስለዚህ በመጪው ክረምት የታመመ መጋዝ ያጋጠመው ሰው አስቀድሞ ሰንሰለቱን ይመልከት፤ ፊልትሮውን ይጠብ፤ ካንዴላውን ይፍታ። ካቻቢቴውን ከማንሣቱ በፊት ደግሞ በሰፈሩ ያለውን ባለሙያ ጠርቶ አብሮት ይስማ።